ሆድን የሚያውከውን ምግብ ለይቶ ማወቅ፦ የተቋረጠውን እንደገና መጀመርና ምግቦችን አንድ በአንድ መመለስ

ሽሮ በበላ ቁጥር ሆዱ የሚነፋ፣ ወተት ጠጥቶ ሆዱ ሲጮህበት የሚያድር፣ ዳቦ ከበላ በኋላ ቀበቶው የሚጠብበት ሰው በየሰፈሩ አለ። ብዙዎቹ መፍትሔውን አንድ ጊዜ ሞክረውታል። ወተት አቆሙ፣ ስንዴ አቆሙ፣ ጥራጥሬ አቆሙ፤ ቀለል አላቸው። ከዚያ ሠርግ መጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ የጎረቤት ተዝካር መጣና ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ። አንዳንዱ ወደ ቀድሞው አበላሉ ተመለሰ። ሌላው ደግሞ የትኛው ምግብ እንደጎዳው ሳያውቅ ግማሹን ማዕድ እንደፈራ ቀረ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ሰው ነው። ምግብ ማቆም የሥራው መግቢያ ብቻ ነው፤ እውቀቱ የሚገኘው የቆመውን ምግብ በሥርዓት በመመለስ ነው። ሳይመለስ የቀረ ምግብ ሰውነትን ይጎዳል፣ ኪስን ይጎዳል፣ ከሰው ጋር አብሮ መብላትንም ያስቀራል።

ከዚህ በታች ያለው በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዙሪያ ሰፈሮች ለሚኖር፣ የሆድ መነፋት፣ ጋዝ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት ለሚመላለስበት አዋቂ ሰው የተዘጋጀ ነው። መሠረቱ በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስተዋወቁት ፎድማፕ የሚባለው አመጋገብ ነው። በዚህ አመጋገብ ለጊዜው የሚቆሙት በትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጠጡ፣ ወደ ትልቁ አንጀት ወርደው በባክቴሪያ የሚብላሉና ጋዝ የሚፈጥሩ የስኳር ዓይነቶች ናቸው። በስንዴ፣ በሽንኩርት፣ በጥራጥሬ፣ በወተት፣ በማርና በአንዳንድ ፍራፍሬ ውስጥ ይገኛሉ። ማዕዳችን በእነዚህ የተሞላ ስለሆነ ከውጭ አገር የተቀዳ የምግብ ዝርዝር እኛ ዘንድ ብዙም አይሠራም።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ

ምግብ በልተው ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከንፈርዎ ወይም ጉሮሮዎ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮዎት፣ ሰውነትዎ በሽፍታ ተሸፍኖ ወይም ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ያንን ምግብ በቤት ውስጥ በፍጹም መልሰው አይሞክሩ፤ በጣት ጫፍ እንኳ ቢሆን። ይህ አለርጂ ነው፤ የሚፈተነውም የሕክምና ባለሙያና መድኃኒት ባለበት ቦታ ነው። ከከተማው ዳር ሆስፒታል ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ ያስቡት። እንዲህ ያለ ምልክት በድንገት ከታየ ወደ 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ፤ አምቡላንሱ የሚዘገይ ከመሰለ በተገኘው መኪና ይሂዱ። ኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ግብጦና አብሽ ላይ ይጠንቀቅ። ሦስቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ በመሆናቸው ለአንዱ የተቆጣ ሰውነት ለሌላውም ሊቆጣ ይችላል።

ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያሉ፣ ክብደታቸው ያነሰ ሰዎች እንዲሁም ቀደም ሲል ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ጤና ችግር የነበረባቸው ይህንን ብቻቸውን መጀመር የለባቸውም። ሰገራ ውስጥ ደም ከታየ፣ ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሱ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ካለ ወይም ምግብ ለመዋጥ ከተቸገሩ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ምንም እንዲህ ያለ ምልክት ባይኖርም በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። ጃርዲያና አሜባ ልክ እንደ ምግብ አለመስማማት ሆድ ይነፋሉ፣ ያስቀምጣሉ። በጃርዲያ የታመመ ሰው ለጊዜው ወተት ላይስማማው ይችላል፤ ሕክምናውን ጨርሶ ጥቂት ሲቆይ ግን ብዙ ጊዜ ወተቱም ይመለስለታል። የጨጓራ ባክቴሪያም እንዲሁ መታየት አለበት። ስንዴን ከማቆምዎ በፊት ደግሞ የሴሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ) የደም ምርመራ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ ምርመራ ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ስንዴ ወይም ገብስ ሲበሉ ከቆዩ ብቻ ነው፤ አስቀድመው ያቆሙ ከሆነ ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ ማዕድ በላይ መልሰው መብላት ይኖርብዎታል። ብዙ ሰው ተቻኩሎ ስንዴ ያቆምና ይህን ዕድል ያጣል።

ከአንድ የደም ናሙና ተነሥተው የማይስማሙ ምግቦችን ረጅም ዝርዝር የሚያወጡና አይጂጂ በሚባለው ፕሮቲን ላይ የተመሠረቱ ምርመራዎች ላይ ገንዘብዎን አያውጡ። ያ ፕሮቲን የሚያሳየው ምግቡን መብላትዎን ነው።

እንደገና ሲጀመር ከየት ይጀመራል?

የተቋረጠ ነገር ሁሉ ከዜሮ አይጀመርም። የቀድሞው ሙከራ የት ላይ እንደቆመ አይተው ይወስኑ።

በማቆያው፣ ማለትም ተጠርጣሪዎቹ ምግቦች ሁሉ ለጊዜው በሚቆሙባቸው ሳምንታት ውስጥ ሳሉ አንድ ቀን ብቻ ተሳስተው ከበሉ፣ ሆድዎ እስኪረጋጋ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጠብቀው ካቆሙበት ይቀጥሉ። አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ እንደ ወትሮው ሲበሉ ከቆዩ ግን ማቆያውን ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ምግብ መመለስ ከጀመሩ በኋላ የተቋረጠ ከሆነ ወደ ማቆያው አመጋገብ ይመለሱ፤ ሆድዎ በተከታታይ ለአምስት ቀን ያህል ጸጥ ሲል ሲሞክሩት የነበረውን የመጨረሻውን ምግብ ብቻ እንደገና ይፈትኑ። ከዚያ በፊት በአግባቡ ተፈትነው ያለፉትን መድገም አያስፈልግም።

አንድ ሌላ ሁኔታ አለ። ባለፈው ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በጥንቃቄ አቁመው ምንም ለውጥ ካላዩ ያንኑ አትድገሙ ነው ምክሬ። ችግሩ ከእነዚህ ምግቦች ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ምርመራ ይሻላል። ግን «በጥንቃቄ» የሚለውን በሐቅ ይመርምሩት። ሽንኩርት አቁመው በርበሬው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ከነበረ፣ ስንዴ አቁመው እንጀራው ድብልቅ ከነበረ አልቆመም ማለት ነው።

ወቅት መምረጥ

ሙከራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በቀን አመራረጥ ነው። ጥርና ሚያዝያ ሠርግ ይበዛባቸዋል፤ መስከረም ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ግብዣ ነው። ረመዳን የሚጾም ሰው የመብያ ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ከዒድ አል ፈጥር በኋላ ቢጀምር ይሻለዋል።

ለኦርቶዶክስ ጿሚ ነገሩ የበለጠ ማሰብ ይጠይቃል። 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሚያስቀር ሆድ የሚያሳርፍ ይመስላል። ነገር ግን በምትካቸው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ዳቦና ሽንኩርት በእጥፍ ይገባሉ። በሁዳዴ ሆዱ የሚብስበት ሰው ጥርጣሬውን ጥራጥሬና ሽንኩርት ላይ ያድርግ። በሁዳዴ ቀለል ብሎት ከፋሲካ በኋላ የሚታወከው ደግሞ ወተቱን ይጠርጥር። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ግን ነጻ የተገኘ ፍንጭ ስለሆነ ደብተርዎ ላይ ያስፍሩት።

የሚጠረጥሩት ወተት ብቻ ከሆነ ሁዳዴን ራሱን እንደ ማቆያ ይጠቀሙበትና ከፋሲካ በኋላ ይፈትኑ። በዕለተ ፋሲካ ግን አይሆንም፤ ዶሮ ወጡ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ አይቡና ጠላው በአንድ ቀን ሲገቡ የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም። የሚጠረጥሩት ጥራጥሬና ሽንኩርት ከሆነ ጾም ውስጥ አይጀምሩ፤ ጥራጥሬም ሥጋም የሌለበት ጾም ሰውነትን ያዳክማል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የተመቹ ናቸው። ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም እስኪገባ ያለውም ጊዜ ይሆናል። ሕመሙ ከጾሙ ጋር የማይስማማ ከሆነ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር የተለመደ ነገር ነው፤ ሰው በዚህ ሊያፍር አይገባም።

ወጥ ቤቱን ማዘጋጀት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚፈልገው ይህ ነው። ወጥ ቤቱ ሳይዘጋጅ የተጀመረ ማቆያ ሳምንት አይሞላውም።

በእንጀራው እንጀምር። ጤፍ ግሉተን የለውም። ከሱቅ ወይም ከጎረቤት የሚገዛ እንጀራ ግን ስንዴ፣ ገብስ፣ ሩዝ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሳምንታት ከተቻለ ጤፉን ራስዎ ገዝተው ያስፈጩ። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ከጤፍ በኋላ እንዲፈጭልዎ ይጠይቁ፤ ከስንዴ ወይም ከሽምብራ ቀጥሎ ከገባ የቀደመው ዱቄት ቅሪት አብሮ ይወጣል። እርሾውንም ድብልቅ ዱቄት ከሚያቦኩ ጎረቤት አይዋሱ፤ ከንጹህ ጤፍ አዲስ እርሾ ያስጀምሩ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሴሊያክ ላለበት ሰው ግዴታ ነው። ሆዱ የሚነፋበት ብቻ ከሆነ ግን ቅንጣት ዱቄት አይጎዳውምና በዚህ አይጨነቅ፤ ለእሱ ዋናው እንጀራው በግማሽ ስንዴ አለመሆኑ ነው።

በርበሬ ሁለተኛው መደበቂያ ነው። የተዘጋጀ በርበሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ብዙ ጊዜም ቀይ ሽንኩርት ተደልዞ የገባበት ነው። ጥቂት ዛላ በርበሬ ገዝተው ይቀንጥሱ፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁ፣ ከጨው፣ ከኮረሪማና ከጥቂት ዝንጅብል ጋር ብቻ ያስፈጩ። አንድ ኪሎ እንኳ አያስፈልግም። ማቃጠሉ በራሱ አንጀትን ስለሚነካ በየቀኑ የሚጠቀሙት መጠን እኩል ይሁን። አዋዜ፣ ዳጣና የታሸገ የሾርባ ቅመም ለጊዜው ከመደርደሪያው ይውረዱ። ሚጥን ሽሮም እንዲሁ።

ቁሌት ያለ ሽንኩርት እንዴት ይሆናል ለሚለው መልስ አለ። ሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባል ስኳር በውሃ ይሟሟል፣ በዘይት ግን አይሟሟም። ስለዚህ ሙሉውን የነጭ ሽንኩርት ፍሬ በጋለ ዘይት ጠብሰው መዓዛውን ካስወጡ በኋላ ፍሬውን አውጥተው ይጣሉ፤ ዘይቱ ጣዕሙን ይዞ ይቀራል። ውሃ ወይም ቲማቲም ከመግባቱ በፊት መውጣት አለበት። ይህን ዘይት የዕለት የዕለቱን ያዘጋጁ፤ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ዘይት ተቀምጦ ሲከርም አደገኛ መርዝ ሊያፈራ ይችላል። የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴው ቅጠል ብቻ ተከትፎ ቢገባ ችግር የለውም፤ ነጩ ክፍል ግን ይቅር። ለወጡ ውፍረት ካሮትና ድንች ፍቆ ማንተክተክ ይበቃል። ንጥር ቅቤም በዚሁ ምክንያት፣ ከሥሩ ያለው አሰር እስካልገባ ድረስ ይፈቀዳል፤ የወተት ስኳር የሚባለው ላክቶስም በቅቤ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ለአንድ ሰው ብሎ ሁለት ወጥ መሥራት አድካሚ ነው። የሚቀለው የታመመውን ሰው ወጥ መጀመሪያ ሠርቶ ድርሻውን ማውጣት፣ ከዚያ ለቀረው ቤተሰብ በሌላ መጥበሻ የተቁላላ ሽንኩርት መጨመር ነው።

በዳር ሰፈሮች የሚረሳ አንድ ነገር ደግሞ ውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ሲጠፋም ከቦቴ ወይም ከጉድጓድ ሲቀዳ የሆድ ሁኔታ ከውሃው ጋር ይለዋወጣል። በሙከራው ወቅት ሁሉ የሚጠጡትን ውሃ አንድ ዓይነት ያድርጉ፤ አፍልተው፣ በተከደነ ንጹህ ጀሪካን ያስቀምጡ። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ወጥም አይብሉ። የተበላሸ ወጥ ያመጣውን ተቅማጥ ምስር ላይ አላክከው ምስርን ዕድሜ ልክ ሊሰናበቱት ይችላሉ።

የማቆያው ሳምንታት

ከ2 ሳምንት አያንስም፣ ከ6 ሳምንት አይበልጥም። ለውጡ ከታየና ሆድዎ ለአምስት ቀን ያህል ከረጋ በሦስተኛው ሳምንትም ቢሆን መመለስ ይጀምሩ። ማራዘም ጥቅም የለውም፤ አንጀት ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም የሚመገቡት እነዚህኑ ያቆምናቸውን ምግቦች ነው።

የሚቆሙት፦ ስንዴና ገብስ (ዳቦ፣ ፓስታ፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ ቆሎ)፣ ጥራጥሬ ሁሉ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ወተት፣ እርጎና አይብ፣ ማር፣ ማንጎ፣ አፕል፣ አቮካዶ፣ እንጉዳይ፣ አበባ ጎመን እንዲሁም ስኳር አልባ ማስቲካ። አልኮል በጠቅላላ ይቁም፤ ጠላ ገብስ፣ ጠጅ ማር አለበት፤ ቢራውም ቢሆን ሆድን ያውካል።

የሚበሉት፦ የጤፍ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ዝኩኒ፣ ቲማቲም፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ አናናስ፣ ጠንከር ያለ ሙዝ። ሙዝ በጣም ሲበስል ፍሩክታኑ ስለሚጨምር ነው ጠንከር ያለ ያልሁት። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ድንችና ካሮት አልጫ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍትና ሩዝ ይበቁታል።

ቡናን አላስቆምም። በድንገት ማቆሙ ራስ ያሳምማል፣ የጎረቤት ጊዜንም ያሳጣል። ግን በቀን የሚጠጡት ሲኒ ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለዋወጥ፤ ከቡናው ጋር ቆሎና ዳቦ ቀርቶ ፈንዲሻ ይሁን።

ጎረቤት ጋር ስትጠሩ ወይም ድግስ ላይ ስትገኙ ማስረዳቱን አስቀድሙት፤ ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ያስቸግራል። «እትዬ፣ ሆዴን እያስታመምሁ ስለሆነ ለጥቂት ሳምንት ሽንኩርትና ጥራጥሬ አቁሜያለሁ፤ እንጀራውንና እንቁላሉን ግን በደስታ እበላለሁ» ቢሉ ሰው አይቀየምም። ጉርሻ ሲመጣም «ከእንጀራው ብቻ ያጉርሱኝ» ማለት ከእምቢታ ይሻላል።

ደብተር የግድ ነው። ሰዓቱን፣ የበሉትንና መጠኑን፣ የሆድ መነፋቱን ከ0 እስከ 10 በቁጥር፣ የሰገራውን ሁኔታ፣ እንቅልፍን፣ የወሰዱትን መድኃኒት፣ ለሴቶች የወር አበባን ቀን ይጻፉ። የወር አበባ ሲቃረብ የብዙ ሴቶች ሆድ በራሱ ስለሚነፋ በዚያ ሳምንት አዲስ ምግብ አይፈተንም። ሌሊት ተነሥቶ ለታክሲ መሰለፍ፣ የሥራ ጭንቀት፣ ልጅ ታምሞ ማደር የመሳሰሉትም ይጻፉ።

ምግብን መመለስ

ደንቡ በሳምንት አንድ ምግብ ነው። ሦስት ቀን መጠኑን እየጨመሩ ይበሉታል፣ አራት ቀን ያርፋሉ። በጾም ሥርዓት ለሚኖር ሰው ይህ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይገጥማል፤ ወተትና የወተት ተዋጽኦን ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ፈትነው ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያርፋሉ። እሑድ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ካልሆነ በቀር ከዚህ የተመቸ ሳምንት አይገኝም።

በሚፈተንበት ሳምንት የቀረው ምግብ ሁሉ የማቆያው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው፦ ያለፈ ምግብ ወዲያውኑ ወደ ዕለታዊ ማዕድ አይገባም። ወተት አልፏል ብለው በየቀኑ እየጠጡ ሽንኩርት ቢፈትኑ ሁለቱ ተደማምረው የሚያመጡትን ስሜት የሽንኩርት ያደርጉታል። ሁሉም ተፈትኖ እስኪያልቅ ያለፈውም ይቆይ።

ወተት ንጹህና መጠኑ የሚለካ ስለሆነ ጥሩ መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሩብ ብርጭቆ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው ሙሉ ብርጭቆ ይጠጡ። ሱሉልታ አካባቢ ላም ካላቸው ሰዎች የሚገዛ ወተት በደንብ ይፈላ። ያልፈላ ወተት ራሱ በሽታ ያመጣል፤ ውጤቱንም ያበላሻል። ላክቶስ ካልተስማማ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል። ወተት ካልተስማማ እርጎና አይብ አብረው አይኮነኑም። በእርጎ ውስጥ ባክቴሪያው ከላክቶሱ ከፊሉን በልቶታል፤ አይብ ሲወጣ ደግሞ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። በየሳምንታቸው ለብቻቸው ይፈተኑ። ወተት የማይስማማቸው ብዙ ሰዎች አንድ ብርጭቆ ያህሉን ከምግብ ጋር ሲወስዱት ይችሉታል።

ቀጥሎ ቀይ ሽንኩርትን እመርጣለሁ፤ መልሱ ከታወቀ ወጥ ቤቱ ግማሽ ነጻነት ያገኛል። በስሎ፣ በድንች አልጫ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው የመካከለኛ ሽንኩርት ግማሽ። ነጭ ሽንኩርት ለብቻው በሌላ ሳምንት ይፈተናል፦ ሩብ ፍሬ፣ ግማሽ ፍሬ፣ አንድ ፍሬ። የሁለቱ ስኳር አንድ ዓይነት ቢሆንም የምንበላው መጠን ስለሚለያይ አንዱ አልፎ ሌላው ሊወድቅ ይችላል። ፍሩክታን እንደ ወተት ፈጥኖ አይናገርም፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ስለሆነ ማታ ጸጥ አለ ብለው አይቸኩሉ።

ስንዴ ከዳቦ ቤት በሚሸጥ ተራ ዳቦ ይፈተን፦ ግማሽ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ ተኩል። ቅቤ ወይም ማር አይቀባ። ከወደቀ በሌላ ሳምንት በእርሾ ሌሊቱን አድሮ የተነሣ ድፎ ዳቦ ይሞክሩ፤ ረጅም ጊዜ የቦካ ሊጥ ውስጥ ፍሩክታኑ ይቀንሳል። ድፎው አልፎ የዳቦ ቤቱ ከወደቀ ግሉተን ሳይሆን ስኳሩ ነው ዋናው ተጠርጣሪ።

ጥራጥሬ ላይ ቆም እንበል፤ የጾም ምግባችን ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ ምስር ነው። ይዘፍዝፉት፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ይድፉ፣ ይቀቅሉት፣ የተቀቀለበትንም ውሃ ደፍተው ያለቅልቁት። ጋዝ የሚፈጥረው ስኳር ከውሃው ጋር ይወጣል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት ያህል፣ በጨውና በዘይት ብቻ ይበሉት። ይህ ካለፈ በሚቀጥለው ሳምንት ሽሮ ይምጣ፤ ከአንድ ጥራጥሬ ብቻ፣ ከሽምብራ ወይም ከአተር የተፈጨ፣ ያልተቀመመ ነጭ ሽሮ። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ የሚደፋ ውሃ የለውም፤ ስኳሩ ሁሉ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። «ምስር ይስማማኛል፣ ሽሮ ግን አይሆነኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ለእሱ መፍትሔው ሽሮን መሰናበት ሳይሆን መጠኑን ማሳነስና ያለ ሽንኩርት መሥራት ሊሆን ይችላል።

የቀሩትን በፍጥነት እንለፋቸው። ማር ከሻይ ማንኪያ እስከ ሾርባ ማንኪያ፤ ማንጎ ከሩብ እስከ አንድ ፍሬ፤ አቮካዶ ከስምንተኛ እስከ ግማሽ። ያለ እነሱ ችግር ከሌለብዎት የእነዚህን ፈተና ሌላ ጊዜ ማድረግ ይቻላል።

ውጤቱን ማንበብ

የሆድ መነፋቱ ቁጥር ከተለመደው በሁለት ወይም በሦስት ከፍ ካለ መጠኑን አይጨምሩ፤ በማግስቱ ያንኑ መጠን ይድገሙ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ቁርጠትና ተቅማጥ ከመጣ ያቁሙና ሆድዎ ወደ መነሻው ተመልሶ ሦስት ቀን እስኪረጋ ሌላ ምግብ አይጀምሩ። ትንሽ ጋዝ መኖሩ ውድቀት አይደለም፤ ምንም ጋዝ የሌለው አንጀት የለም።

ፍርሃትም ሆድ ይነፋል። ለዓመታት የተጠረጠረ ምግብ ገና ሲቀርብ ሆዱ የሚጨነቅበት ሰው አለ። ውጤቱ ካጠራጠረዎት የቤት ሰው እንዲረዳዎ ይጠይቁ። የተፈጨ ድንች አንድ ቀን ሽንኩርት በደንብ ተፈጭቶበት፣ ሌላ ቀን ያለ ሽንኩርት ይሥሩልዎት፤ የትኛው ቀን የትኛው እንደሆነ ግን ሳምንቱ እስኪያልቅ አይንገሩዎት። ጣዕሙን ለመሸፈን ዘይቱ በሁለቱም ቀን ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ይሁን። በዚህ መንገድ ዓመታት የተጠሉ ምግቦች ነጻ ይወጣሉ።

ፈተናው ሁሉ ሲያልቅ ያለፉትን በሁለት በሁለት ማጣመር ይጀምሩ፦ ምስር ከሽንኩርት ጋር፣ ከዚያ ዳቦ ከወተት ጋር። ለየብቻቸው አልፈው አንድ ላይ የሚያስቸግሩ ከኖሩ በአንድ ቀን ሳይሆን በተለያየ ቀን ይብሏቸው። የወደቁትንም የሚችሉትን መጠን ይመዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሦስተኛው ቀን እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ግማሽ ብርጭቆ ወተት ያለፈለት ሰው ማኪያቶውን ማቆም አያስፈልገውም።

ያልተስማሙትን ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይፈትኑ፤ የአንጀት አቅም ይለዋወጣል። ከሁለት በላይ የምግብ ዓይነቶች እስከመጨረሻው የሚቀሩ ከመሰለ ደብተሩን ይዘው የሥነ ምግብ ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ወተት የሚቀር ከሆነ ካልሲየሙ፣ ጥራጥሬ የሚቀር ከሆነ ደግሞ በጾም ወራት ፕሮቲኑ ከየት እንደሚመጣ አብራችሁ አስሉ።